ቱንቢዎን ይዤ ብሄድ ኖሮ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ባለፈው በስልክ ስንነጋገር «እዚያ አገር ድንጋይ የሚጠርብ ሰው አለ ወይስ ሁሉም ሲሚንቶ ነው?» ብለው ጠይቀውኝ፣ ሳልመልስልዎት መስመሩ ተቋረጠ። መልሱ ረዘም ስለሚል በደብዳቤ ይሻላል ብዬ ነው። እኅቴ ቀስ ብላ ታንብብልዎት።

የሁለት ቀን ዕረፍት አገኘሁና ከማድሪድ በፈጣኑ ባቡር ኮርዶባ ወረድኩ፤ መንገዱ ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ዓለም ከተማዋን የሚያውቃት ቀይና ነጭ ቅስቶች በተደረደሩበት ታላቅ መስጊድ ነው፤ አሁን ካቴድራል ነው። እሱንም አየሁት፤ ሰልፉና ግፊያው ግን ለጸሎትም ለእይታም አይመችም። ልቤ የቀረው በየሰፈሩ ባሉት አጥቢያዎች ዘንድ ነው።

ንጉሥ ፈርናንዶ ሦስተኛው በ1236 በእነሱ አቆጣጠር ከተማዋን ከሙስሊሞች እጅ ሲወስድ፣ በ14 አጥቢያ ተከፈለች፤ ሰባቱ በላይኛው፣ ሰባቱ በታችኛው ሰፈር። ከእኛ ንጉሥ ላሊበላ ዘመን ጥቂት ዘግየት ብሎ መሆኑ ነው። በርከት ያሉት የቆሙት ቀድሞ መስጊድ በነበረበት ቦታ ላይ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ በንጉሡ ስም ይጠራሉ። አሠራራቸው ይመሳሰላል፦ በምሰሶ የተለያዩ ሦስት ረጃጅም ክፍሎች፣ መካከለኛው ከፍ ያለ፤ መቅደሱ በድንጋይ ቅስት የተከደነ፣ የቀረው ጣሪያ እንጨት። እርስዎ ቢሆኑ «መቅደሱን ከጨረሱ በኋላ ገንዘብ አልቆባቸው ነው» ይሉ ነበር ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።

የቅድስት ማሪና ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊቱ ምሽግ ይመስላል፤ ግድግዳውን ደግፈው የቆሙት ግንቦች ወፍራምነታቸው ያስደነግጣል። ድንጋዩ ቢጫ፣ አሸዋማ ነው። ጣቴን ሳሳርፍበት ጥቂቱ እንደ ጨው ተሸረፈና እጄ ላይ ቀረ። «ይህ ለመጥረብ ይቀላል፣ ለዝናብ ግን አይሆንም» የሚለው ድምፅዎ ጆሮዬ ላይ መጣ። ይኸው ግን ሰባት መቶ ዓመት አልፎታል።

በነገራችን ላይ ለእማዬ ይንገሩልኝ፤ የዚህች ከተማ ጠባቂ ቅዱስ ሩፋኤል ነው! በድልድዩ ላይ በ1651 የቆመ ሐውልት አለው፤ ሰዎች እግሩ ሥር ሻማ ያበራሉ፤ የቀለጠው ቀይ ሰም ድንጋዩ ላይ ተጋግሯል። ሥዕሉ ላይ ዓሣ ይይዛል። እማዬ ቤተ ክርስቲያን ተሸክሞ የነበረው፣ መልአኩ በጦር የወጋው ዓሣ ነው ትል ይሆናል፤ የእነሱ ግን የጦቢት መጽሐፍ ዓሣ ነው። ጳጉሜን 3 ዝናብ ላይ እንደማይቆሙም ንገሯት፤ ታዝንላቸዋለች።

በቅዱስ ኒቆላስ አጥቢያ ደግሞ ባለ ስምንት ማዕዘን ማማ አለ። ግንቡ ላይ ሁለት ቃላት ተቀርጸዋል፦ «ትዕግሥት» እና «ታዛዥነት»። ይቅር ይበሉኝና፣ ሁለቱም በእርስዎ ዘንድ እንደማይገኙ አሰብኩ። የዚያን ዓመት ነገር ያስታውሳሉ? ኮሚቴው የድሮውን የድንጋይ ግድግዳ በሲሚንቶ ልሰን፣ ቀለም ቀባ ሲልዎት፣ መዶሻዎን በከረጢት ከትተው ወደ ቤት የመጡበትን? እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ። «ዘመኑን አልተረዱትም» ብዬ በሰው ፊት ተናገርኩዎት። እርስዎ መልስ ሳይሰጡኝ እጅዎን ታጥበው ምሳ ተቀመጡ።

እዚህም እንዲሁ ሆኖ ነበር። በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን የዘመኑ ፋሽን ስለተለወጠ ከእነዚህ አጥቢያዎች በርካታዎቹ በልስንና በጌጥ ተሸፈኑ። የኋላ ሰዎች ደግሞ ያንን ልስን እየላጡ ድንጋዩን እንደገና አወጡት። አንዱ ምሰሶ ላይ ልስኑ ሲላጥ የቀረ የመሰለ የመሮ ጭረት አየሁ፤ ከሥሩ የመጀመሪያው ጠራቢ መሮ ያለፈበት መስመር ነበር። ሁለቱ ጭረቶች አቅጣጫቸው ይለያያል። እዚያ ቆሜ ነው ያ ምሳ ትዝ ያለኝ። ይቅርታ ሳልጠይቅዎት ይህን ያህል ዓመት ማለፉ አሳፈረኝ።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅዎት። የቅዱስ ሎሬንዞ አጥቢያ ሦስት ቅስት ያለው በረንዳ አለው፤ ከበላዩ እንደ አበባ የተፈለፈለ ክብ መስኮት፤ በመቅደሱ ውስጥ የ14ኛው ክፍለ ዘመን የሕማማት ሥዕል። አንዲት አሮጊት ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ልክ እንደ እኛ እናቶች በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። ማማው ግን ግራ አጋባኝ። ታችኛው ክፍል የመስጊዱ ሚናራ ነው፤ ከላይ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የደወል ቤት ሠሩበት። የላይኛው አራት ማዕዘን ታዲያ ከታችኛው ጋር አልገጠመም፤ ዞሮ ነው የተቀመጠው። ማዕዘኖቹ ከታችኛው ግድግዳ መካከል በላይ ይወድቃሉ። ምንም አልተሰነጠቀም።

ፎቶውን ከአራት አቅጣጫ አንስቼ ለእኅቴ ልኬላታለሁ። መነጽርዎን አድርገው ይዩትና ይንገሩኝ፦ ያንን ሁሉ ክብደት ምን ላይ አሳረፉት?

ልጅዎ፣ ከማድሪድ