ጊዜ አለን አትበል

ይድረስ ለልጄ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ኒካሁን ወደ ሚቀጥለው ዓመት ማዛወርህን ከእህትህ ሰማሁ። «መጀመሪያ ቤት ልሥራ፣ ጊዜ አለን» አልክ አሉ። ልጄ፣ ጊዜ አለን አትበል።

ለዒድ መጥተህ አብረን ያየነውን የጄምስ ቦንድ ፊልም ታስታውሳለህ? «ይሄ ደግሞ ምን ቦንድ ነው» ብለህ ግማሹ ላይ ስልክህን መነካካት ጀመርክ። አንጀቴ እያረረ ዝም አልኩህ። ዛሬ ግን ልንገርህ።

ፊልሙ «ኦን ሀር ማጀስቲስ ሲክሬት ሰርቪስ» ይባላል፤ በ1969 እ.ኤ.አ. የወጣ ስድስተኛው ቦንድ ነው። ቦንድን ይሠራ የነበረው ሾን ኮነሪ ሲለቅ ጆርጅ ላዘንቢ የሚባል አውስትራሊያዊ ሞዴል ተተካ። አንዳንድ ቦታ ድርቅ ይላል፣ እውነትህን ነው። አንዱን ብቻ ሠርቶ ስለቀረ ሰው ናቀው። ዳይሬክተሩ ፒተር ሃንት ግን የቀደሙትን በኤዲተርነት የሠራ ነው። በበረዶ ላይ የሚሳደዱበት እንዴት እንደተቆራረጠ ልብ ብለህ እይ። የቦንድ ጠላት የብሎፌልድ ዛቻም እህልና ከብት ማምከን ነው። 77ን ወሎ ላይ ላሳለፈ ሰው ከዚህ የሚያስፈራ ምን አለ?

ዳያና ሪግን ደግሞ አትርሳ። ትሬሲ ሆና የተወነችው እሷ ናት። ቦንድ መሸሻ ሲያጣ መኪና እየነዳች የምታስመልጠው እሷ ናት። ያገባታል። ከሠርጉ ሲመለሱ መንገድ ዳር ያቆምና አበባውን ከመኪናው ላይ ሊያነሳ ይወርዳል። ወዲያው ተኩስ። የፊት መስታወቱ ተበስቷል፣ እሷ የለችም። ፖሊሱ ሲደርስ አቅፏት «ጊዜ ሞልቶናል» ይለዋል። ኮነሪ ቢሆን እንዲህ አያምም ነበር፤ እሱን ምንም የሚነካው አይመስልም። ይሄኛው ገና ልጅ ነው፣ ሲሰበር ታምነዋለህ። በ2021 የዳንኤል ክሬግ የመጨረሻው ቦንድ ያንኑ ቃልና ሉዊ አርምስትሮንግ ለዚህ ፊልም የዘፈነውን ዘፈን መልሶ ያመጣው ወዶ አይደለም።

እኔ መጀመሪያ ያየሁት ደሴ ፒያሳ፣ ቪዲዮ ቤት ውስጥ፣ ከአጎትህ ጋር ነው። ያኔ የሐይቋን አክስትህን አጭቷል። ሲወጣ እስከ ሸዋ በር አንድ ቃል አልተነፈሰም። ነገር ግን እሱም «ቆርቆሮውን ልምታና» እያለ ኒካሁን ገፋው። ዘመተ፤ በዚያው ቀረ። እሷን አክስት እያላችሁ ያደጋችሁት ለዚህ ነው። ወንድሜ ነበር፣ ልጄ። ቤቱ ዛሬም ግድግዳው ቆሟል፣ ታውቀዋለህ።

ስለዚህ ጊዜ አለን አትበለኝ። ቤቱ ቀስ ብሎ ይሠራል፤ ተከራዩ። ልጅቷ ጨዋ ናት፣ አታንገላታት።

አሁን ስማኝ። ቅዳሜ ና። ሐረጎን በሌሊት እንዳትወጣ፣ ከመሸብህ ኮምቦልቻ እደር። የእናትህን የግፊት መድኃኒት ይዘህ ና፣ እዚህ ጠፍቷል። ከመነሳትህ በፊት ለልጅቷ አባት ራስህ ደውለህ ቀን ቁረጥ። ከሐጅ በፊት ይሁን።

አባትህ