ጓጓን ስንጠብቅ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ በርበሬ የሚያደርስላት መንገደኛ እያፈላለገች ነው።

ለጓደኛሽ የሠርግ ጥሪ መልስ ስትጽፊ «በጉጉት እጠብቃለሁ» ለማለት ከስፓኝኛው የትኛውን ቃል ልምረጥ ብለሽኛል። እኔን በመጠየቅሽ ደስ ብሎኛል፤ ነገር ግን የእኔ ስፓኝኛ የኩባ ነው፣ ያውም አርባ ዓመት ያለፈው። እዚያ ስፔን፣ ቫሌንሲያ ውስጥ እንዳይሳቅብሽ አጣርተሽ ተጠቀሚበት።

«ኤስፔራር» ብዙ የተጫነበት ግሥ ነው። መጠበቅም እሱ፣ ተስፋ ማድረግም እሱ፣ ይሆናል ብሎ ማሰብም እሱ፤ እርጉዝ ሴት እንኳ ልጅ «ታስፔራለች»። በ1970ዎቹ አባቶቻችን በኦጋዴን ጦርነት ያለፉብን ልጆች ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ በምትባል የኩባ ደሴት ላይ ግማሽ ቀን እንማር፣ ግማሽ ቀን የብርቱካንና የግሬፕፍሩት እርሻ ላይ እንሠራ ነበር። ኩባውያን አውቶቡስን «ጓጓ» ይሉታል። «ጓጓን እየጠበቅን ጓጓን» ስንባባል ሆዳችንን ይዘን እንስቅ ነበር። መምህራኖቻችን ምን እንደሚያስቀን አልገባቸውም።

አንድ ቀን በደብተሬ ላይ «ኤስፔሮ ኬ ሚ ማድሬ ቪዬኔ» ብዬ ጻፍኩ፣ እናቴ እንድትመጣ ተስፋ አደርጋለሁ ለማለት። መምህሬ «ቪዬኔ»ን በቀይ ሰርዛ «ቬንጋ» አደረገችው። ለምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ፣ በራሴ ቋንቋ ሳስበው ነው፦ «እናቴ እንደምትመጣ» እና «እናቴ እንድትመጣ»። አማርኛው በአንዲት «ም» የለየውን ስፓኝኛ በግሡ መልክ ይለየዋል። የምታውቂውን ስትናገሪ «ቪዬኔ»፣ የምትመኚውን ስትናገሪ «ቬንጋ»። ይህን ከያዝሽ የሰዋስው መጽሐፉ ግማሹ አለቀ።

ወደ ሠርጉ ልመለስ። «ኤስፔራንሳ» አትበያት፤ ተስፋ ማለት ነው፣ ትልቅ ቃል ነው፣ ለታመመ ሰውና ለስደተኛ ይሆናል። ስለ ሠርጓ ኤስፔራንሳ አለኝ ካልሻት ሙሽራው ይቀር ይሆናል ብለሽ የሰጋሽ ይመስላል። «ኤክስፔክታቲቫ»ም፣ ይሆናል ብሎ መጠበቅ ማለት ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፤ የፈተና ውጤትና የገበያ ወሬ ላይ ያምራል።

የምትፈልጊው «ኢሉሲዮን» ነው። ለእኔ ይህ ቃል ለረጅም ጊዜ መራራ ነበር፤ ከአገር ቤት ደብዳቤ መጣልኝ ወይ ብዬ ስጠይቅ የመኝታ ቤታችን ኃላፊ «ኖ ቴ አጋስ ኢሉሲዮኔስ» ትለኝ ነበር፣ በባዶ ተስፋ ራስህን አትደልል ለማለት። ከዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ያገኘሁት አንድ ስፔናዊ መሐንዲስ የልጅ ልጁን ሊያይ መሆኑን ሲነግረኝ «ሜ አሴ ሙቻ ኢሉሲዮን» አለኝ። አዘንኩለት! ሰውዬው ግን በደስታ ሊበር ደርሶ ነበር። እናንተ ዘንድ ቃሉ ሁለት ፊት አለው፦ «አጋስ» ካለበት ማስጠንቀቂያ ነው፣ «ሜ አሴ» ካለበት ገና ያልመጣ ቀን ከአሁኑ የሚሰጥሽ ደስታ። ለሙሽሪት ይህን ጻፊላት።

«ኦሃላ»ን ደግሞ እንዳትረሺ። ድሮ ስፔንን ይገዙ ከነበሩት ከአንዳሉስ ዐረቦች የቀረ ቃል ነው፣ አላህ ቢፈቅድ እንደማለት፤ ዛሬ ግን አማኙም የማያምነውም ይለዋል። ከኋላው የሚመጣው ግሥ ሁልጊዜ የ«ቬንጋ» ወገን ነው።

እናትሽ ለፋሲካ ትመጣ እንደሆነ ጠይቅልኝ ብላለች። እኔ «ኦሃላ ቬንጋስ» ብዬ ጽፌያለሁ፤ «ቪዬኔስ» የምለው ትኬትሽን ሳይ ነው።

አባትሽ