የተዋስነው ሰዓት

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሦስት ዓመት የጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ሰበብ አልደረድርም። ነገ እደውላለሁ ስል ዓመት አለፈ፣ ከዚያ ደግሞ አፈርኩ።

ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ያለውን ፎቶ ቤቴን ሳጸዳ ከመሳቢያ ሥር አንድ ፖስታ ወጣ። ተነሥተው ሳይወስዱት የቀሩ ደንበኞች የፎቶ ክምር ነው። ከጀርባው ስም የለ፣ ቀን የለ። መሀል ላይ እኔና አንተ! ጢስ ዓባይ የተሳለበት መጋረጃ ፊት ቆመናል። አንተ የተዋስነው ሰዓት እንዲታይ ክንድህን ወደ ካሜራው ገፍተሃል። የእኔ ተራ ሲደርስ ፊልሙ አለቀ።

ያን ክምር ሳይ የፎቶ አንሺው የኤድዋርድ ስታይከን የፎቶ ኤግዚቢሽን ትዝ አለኝ፤ «የሰው ልጅ ቤተሰብ» የሚባለው። እ.ኤ.አ. በ1955 ኒውዮርክ፣ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ተከፈተ። ስታይከን 2 ሚሊዮን ከሚጠጋ ፎቶ 503 ብቻ አስቀረ፤ 273 አንሺዎች፣ 68 አገር። (እኔ ለሰርግ አልበም 60 መምረጥ አቅቶኝ ሙሽራ አስለቅሻለሁ።) ፎቶዎቹ ርእስ አልነበራቸውም። ልደቱ ከልደት፣ ለቅሶው ከለቅሶ ጎን ተሰቀለ። ዓለምን ሲዞር ከ9 ሚሊዮን በላይ ሰው አየው።

ሁሉም ግን አልወደደውም። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሮላን ባርት ፓሪስ ላይ አይቶ፣ ሰው ሁሉ ይወለዳል ይሞታል ብሎ ማለፍ ታሪክን መሸፈን ነው ሲል ተቸው። እ.ኤ.አ. በ1959 ሞስኮ ላይ አንድ ናይጄሪያዊ ተማሪ ከፎቶዎቹ ጥቂቶቹን ቀደዳቸው፤ አፍሪካውያንን ዝቅ አድርጎ ያሳያል ብሎ። መቅደዱን አልደግፍም፤ ንዴቱ ግን ገብቶኛል። እኛ ጋ ሰው ፎቶ ሊነሣ ሲመጣ ያለውን ክት ለብሶ ነው፤ ሰዓት ተውሶም ቢሆን።

መጨረሻ ላይ የተሰቀለው የአሜሪካዊው ፎቶ አንሺ የዩጂን ስሚዝ ፎቶ ነው። ጦርነት ላይ ከቆሰለ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1946 ያነሣቸው ሁለቱ ልጆቹ ከጥላው ወጥተው ወደ ብርሃን ይሄዳሉ። ፊታቸው አይታይም። እኔ ደንበኛን ከጀርባው ባነሣ አምስት ሳንቲም አይከፍለኝም! ይኸኛውን ግን አይቼ አልጠገብኩም።

ኤግዚቢሽኑ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ስታይከን በተወለደባት ሉክሰምበርግ፣ ክሌርቮ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። አንተ ኮሎኝ ተቀምጠህ ጎረቤት ነው። ሂድና እይልኝ። ልጆቹ ፊት ቆም በል።

ፎቷችንን አጥቤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። ሰዓቱ የማን እንደነበረ ካስታወስክ ጻፍልኝ፤ መልሰናል ወይ?

ያው ወንድምህ
ደብረ ማርቆስ