አባባ፣ «ጤፍ ነው?» ብለህ አትጠይቅ

ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፦

አባባ፣ እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህ እንዴት ነው? የደሴን የክረምት ብርድ አውቀዋለሁና ጋቢህን ከላይህ አታውርድ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው እሑድ ለነሐሴ አዲስ አበባ እንድትመጣ ስለምንህ፣ በስልክ «እናንተ ተዝናኑ፣ እኔ ቤቴን ልጠብቅ» ስትለኝ ዝም አልኩህ። ተስማምቼ አይደለም። ድምፅህን ስሰማ መከራከር ያቅተኛል። ለዚህ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፍልህ።

ለምን አልመጣም እንዳልክ አውቃለሁ። ሴሊያክ የሚሉት ሕመም ስንዴና ገብስ፣ ለጊዜውም ወተትና ቅቤ ከልክሎሃልና፣ ሆቴል ገብቶ «ይሄ ምን ገባበት?» ማለት ያሳፍርሃል። «በዚህ ዕድሜዬ ምግብ መራጭ ልባል?» ብለሃል አሉ። እህቴ ናት የነገረችኝ፤ አትቆጣት።

እኔን ግን እስካሁን የሚያንገበግበኝ የፋሲካው ነገር ነው። በበዓሉ ማግስት ስታዲየም አካባቢ ምሳ ስንበላ ታስታውሳለህ? ላንተ ቅቤ ያልነካው፣ በዘይት የተሠራ ጥብስ አዘዝን። «እንጀራው ጤፍ ነው?» ብዬ አስተናጋጇን የጠየቅኳት እኔ ነበርኩ። «አዎ፣ ጤፍ ነው» አለችኝ። አንተም እኔን አምነህ በላህ። ከዚያ ሦስት ቀን ሆድህን ይዘህ ተኛህ። «መንገዱ ነው ያደከመኝ» አልከን። እውነቱን የሰማሁት ደሴ ከተመለስክ በኋላ ነው።

በሳምንቱ ወደዚያው ቤት ሄድኩ። ልጣላ ሳይሆን ነገሩን ልረዳ ብዬ ነው። ወጥ ቤት ያለችውን ሴትዮ ለምኜ አነጋገርኳት። እንጀራው እዚያ አይጋገርም፤ አቅራቢ ነው የሚያመጣው። ጤፍ አለበት፣ ገብስም አለበት። አስተናጋጇ አልዋሸችኝም ማለት ነው። ጤፍ ነው ወይ አልኳት፣ ጤፍ ነው አለችኝ። የተሳሳተው የኔ ጥያቄ ነበር።

ስለዚህ አባባ፣ «ጤፍ ነው?» የሚለውን ተወው። ጤፍ ከተወደደ ወዲህ ብዙ ቤት ይቀይጣል። ማሽላ የሚቀይጥ አለ። ሩዝ የሚቀይጥ አለ። በቆሎ የሚቀይጥም አለ። እነዚህ ላንተ ችግር የለባቸውም፤ እንደ ጤፉ ሁሉ እነሱም ግሉተን፣ ማለትም ላንተ የማይስማማው የስንዴና የገብስ ፕሮቲን፣ የላቸውም። ጠላትህ ስንዴና ገብስ ነው። ጥያቄው መሆን ያለበት «ስንዴ ወይም ገብስ ገብቶበታል?» ነው። ከዚያ «እዚሁ ነው የሚጋገረው ወይስ ከውጭ ይመጣል?» ይባላል። ከውጭ የሚመጣ ከሆነ አስተናጋጁ ምን እንደገባበት የሚያውቅበት መንገድ የለውም። እርሾውም አለ። ከቅይጥ ሊጥ በተረፈ እርሾ የተቦካ ንጹሕ ጤፍ፣ ላንተ ንጹሕ አይደለም። ወፍጮ ቤቱም እንደዚያው ነው። ስንዴ ከተፈጨ በኋላ ሳይጠረግ ጤፍ ከገባበት፣ ዱቄቱ ተነካክቷል።

«ይህችን ታህል ምን ታደርጋለች?» እንደምትል አውቃለሁ። በዓለም አቀፉ የምግብ ደንብ «ግሉተን የለውም» ተብሎ የሚሸጥ ምግብ በኪሎ ከ20 ሚሊግራም በላይ እንዲኖረው አይፈቀድም። ቁንጥር ጨው ከዚያ ብዙ እጥፍ ይመዝናል። ያንተ ነገር በዚህ ልክ ነው የሚለካው።

ደግሞ ይህ የቅንጦት ወይም የመራጭነት ጉዳይ አይደለም። አንተ የታሪክ አስተማሪ ነህና አንድ ታሪክ ልንገርህ። ዊለም ዲከ የሚባል የሆላንድ የሕፃናት ሐኪም ነበር። በሽታውን የሚያባብሰው ስንዴ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀምሮ ይጠረጥር ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1944 እስከ 1945 ባለው ክረምት ሆላንድ በረሃብ ተመታች፤ ዳቦ ጠፋ። ሌላው ሰው በረሃብ ሲጎሳቆል፣ በሴሊያክ የታመሙት ልጆች ተሻላቸው። ዳቦ ሲመለስ በሽታቸውም ተመለሰ። በ1950 ጥናቱን ለዶክትሬት አቀረበው። ዛሬም መድኃኒቱ ያው እሱ ያለው ነው፤ ስንዴን፣ ገብስንና ስንዴ መሰሉን የአውሮፓ እህል፣ ራይን፣ ፈጽሞ መተው።

ግሉተን ሲገባ የሰውነትህ መከላከያ የገዛ ትንሹን አንጀትህን ነው የሚያጠቃው። ምግቡን የሚመጥጡት ጥቃቅን ጣት መሳይ ነገሮች ይረግፋሉ። የደም ማነስህ ከዚያ ነው የመጣው። «ጨጓራ ነው»፣ «አሜባ ነው» እየተባለ ስንት ዓመት ኪኒን ዋጥክ! ወተቱን የከለከሉህም በዚሁ ምክንያት ነው። የወተትን ስኳር የሚሰባብረው ነገር የሚመነጨው ከዚያው ከተጎዳው ቦታ ነው። አንጀትህ ሲያገግም ወተት ሊመለስልህ ይችላል፤ ያንን ሐኪምህ ያያል። ስንዴና ገብሱ ግን ለዕድሜ ልክ ነው።

እግረ መንገዴን፣ እኔ ተመርምሬ የለብኝም ተብያለሁ። ከታማሚው ወላጆች፣ ልጆች፣ ወንድምና እህቶች መካከል በግምት ከአሥሩ አንዱ ይኖርበታል ይላሉ። ወንድሜ ገና አልተመረመረም። ምርመራው የሚሠራው ስንዴ እየተበላ ስለሆነ፣ ሳይታይ ዳቦ እንዳያቆም አንተ ንገረው። የኔን ምክር አይሰማም።

አሁን ወደ ጉዟችን ልምጣ። ከነሐሴ 8 እስከ 14 ያልነው በአጋጣሚ አይደለም። ፍልሰታ ስለሆነ ነው። በሌላ ጊዜ «ቅቤ አታድርጉበት» ስትል ድስቱን ቅቤ ነክቶት፣ ማንኪያው ከቅቤ ወጥቶ ይመጣል። በጾሙ ግን ብዙው ወጥ ቤት ቅቤና ወተት አያስገባም። የወተቱ ነገር በዚህ ተገላገልን። ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ልቆይ እንዳትል፤ ንስሐ አባትህ ለሕመምህ ብለው የፈቀዱልህን አስታውስ።

የስንዴው ነገር ግን በጾምም አይቀርም። በያይነት ሲመጣ ጫፍ ላይ ሳምቡሳ ያስቀምጣሉ። አንዳንዱ ቤት ማካሮኒ ይጨምራል። ስለዚህ «ሳምቡሳና ማካሮኒ እንዳታደርጉበት» ተብሎ ከመቅረቡ በፊት ይነገራል። መጥቶ ከተነሳለትማ እንጀራውን ነክቶታል። ምስር፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ አዚፋ፣ እንጀራው ንጹሕ ከሆነም ሱፍ ፍትፍት፣ እነዚህ ሁሉ ያንተ ናቸው። ሽሮው የት እንደተፈጨ ግን እጠይቃለሁ። ሾርባ ይቅርብህ፤ በዱቄት የሚያወፍሩት ብዙ ናቸው። ዓሣውንም ብዙ ጊዜ ዱቄት አልብሰው ነው የሚጠብሱት። የድንች ጥብስ ሳምቡሳ በተጠበሰበት ዘይት ከሆነ አይሆንም። የቻይና ምግብ ቤት ልጆቹ ይወዳሉ፤ ሶያ ሶስ ውስጥ ግን ስንዴ አለ፤ ለዚህ ሳምንት ቀርቷል።

የከበደኝ ቁርስ ነው። ፉል ከዳቦ ጋር ነው የሚመጣው። ጨጨብሳ ብዙ ጊዜ የስንዴ ነው፣ ቅንጬም እንዲሁ። ስለዚህ ቁርስ እኔ ቤት ነው። የቡላ ገንፎ በዘይትና በበርበሬ እሠራልሃለሁ። ቡላም ቆጮም ከእንሰት ስለሆኑ ላንተ ይስማማሉ። ማኪያቶህን ለጊዜው እንተወውና ፒያሳ ቶሞካ ወስጄህ ቆመን ጥቁር ቡና እንጠጣለን።

ከሰኔ ወዲህ በምሳ ሰዓቴ ከሥራ እየወጣሁ 14 ምግብ ቤት ገብቼ ጠይቄያለሁ። ከአራት ኪሎ ጀምሬ አምባሳደርን፣ ስታዲየምን፣ ፒያሳን አዳርሻለሁ። አንዳንዱ ጋ አስተናጋጁ ሳልጨርስ «ችግር የለውም» ይለኛል። «ችግር የለውም» ያለኝን ቤት ሁሉ ሰርዣለሁ። ያልሰረዝኳቸው «ቆይ ወጥ ቤት ልጠይቅልሽ» ያሉኝን ነው። አራት ቤቶች ቀሩኝ። አራት ይበቁናል።

ከአራቱ አንዷን ልንገርህ። ወደ ሥላሴ ካቴድራል ስትሄድ ውስጥ ለውስጥ ያለች ጠባብ ቤት ናት። ባለቤቷ ካንተ ብዙም የማያንሱ እናት ናቸው። ጤፉን ራሳቸው ገዝተው፣ ራሳቸው አስፈጭተው፣ እዚያው ጓሮ ይጋግራሉ። ነገርኳቸው። እንደ ሌላው ቶሎ አልመለሱልኝም። ዝም ብለው አሰቡና «ጤፉ ንጹሕ ነው፤ ወፍጮው ግን የሁሉም ነው» አሉኝ። እውነቱን ስለነገሩኝ እዚያው ልስማቸው ነበር። ከዚያ «አንቺ ዱቄቱን ካመጣሽ እርሾ ለብቻ አስቀምጬ፣ ምጣዱን አጥቤ፣ ማለዳ ከሁሉ በፊት ለአባትሽ እጋግራለሁ። ከሦስት ቀን በፊት ብቻ ንገሪኝ» አሉ። ገንዘብ ልጨምር ብል ተቆጡኝ። አባባ፣ አንተ ማስቸገር የምትለውን እሳቸው እንግዳ መቀበል ነው የሚሉት።

ስለዚህ አንድ ነገር አደራ። ከዚያች ለቤት ብቻ ከሚፈጩባት የሰፈራችን ወፍጮ፣ ወፍጮው በደንብ ተጠርጎ፣ መጀመሪያ የወጣው ዱቄት ለሌላ ተሰጥቶ፣ 10 ኪሎ ጤፍ አስፈጭተህ ላክልኝ። እህቴ እዚያው ቆማ ታስፈጭልህ። በመኪና የሚመጣ ሰው ካለ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ይድረሰኝ።

መንገድ ላይም ተጠንቀቅ። 400 ኪሎ ሜትር ባዶ ሆድ አይዘለቅም። ደብረ ሲና ስትደርሱ ቆሎ ልትገዛ እጅህ ይዘረጋል፤ ገብስ ነው። ሽምብራው ቢለይም አብሮ የተቆላ ነው። እህቴ ድንች ቀቅላ፣ እንጀራህን ጠቅልላ ትስጥህ። ሙዝም ያዝ።

ቡሄን እኛ ጋ ነህ። ሆያ ሆዬ የሚሉት ልጆች ሲመጡ ሙልሙሉን እንደ ድሮው አንተ ትሰጣቸዋለህ። ከዚያ እጅህን ትታጠባለህ። ሌላ ነገር የለውም።

ፒያሳን ስታይ ትደነግጣለህ። በ2016 የፈረሰው ብዙ ነው፤ በወጣትነትህ ሻይ የጠጣህባቸውን ቤቶች ብትፈልግ አታገኛቸውም። ግን የዓድዋ ድል መታሰቢያ እዚያው ነው ያለው። በ1888 ዓ.ም. የሆነውን ስንት ዓመት ሙሉ በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ ኖረህ፣ መታሰቢያውን ሳታይ ልትቀር አልፈቅድም። ልጆቹን አንተ ነህ የምታስጎበኛቸው። በማግስቱ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ሄደን ድንቅነሽን እናያለን። ምሳ ከዚያ በኋላ እኒያ እናት ጋ ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ያንን ቀን ላንተ ብቻ የተለየ ሳህን አይመጣም። ከወንድሜና ከእህቴ ጋር ተነጋግረናል። ሁላችንም ያንተን እንጀራ፣ ያንተን ወጥ፣ ከአንድ ትሪ እንበላለን። ሳምቡሳ የሚያምራቸው ልጆች ማታ ይበላሉ። በፋሲካ ትንሿ ልጄ ልታጎርስህ እጇን ስትዘረጋ ዳቦ ነክታ ነበርና «ተይ» ብለን መለስናት። አንተም ፊትህን አዞርክ። እሷ አልረሳችውም። «አሁን አያቴን ማጉረስ እችላለሁ?» ብላ ትናንት ጠየቀችኝ። ትችያለሽ አልኳት። ካሁኑ እጇን እንዴት እንደምትታጠብ እያሳየችኝ ነው።

የአውቶቡስ ትኬቱን ለነሐሴ 8 ቁረጥና ደውልልኝ።

የመጀመሪያ ልጅህ