ስልኩን ከትራስሽ ሥር አውጪልኝ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ።

እሁድ ዕለት በቪዲዮ ስናወራ ፊትሽ ፈካ ብሎ ስላየሁ ደስ ብሎኛል። ግን ከትራስሽ ሥር ወጥቶ ወደ ሶኬቱ የሚሄደውን ነጭ ገመድም አይቻለሁ። አንገቱ ላይ በፕላስተር ተጠቅልሏል። አንቺ ስታወሪ ዓይኔ እሱ ላይ ነበር። ያኔውኑ ባነሳው ጨዋታችን ክርክር ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።

"ሌሊት ስትደውል እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው" እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ጥፋቱ የኔም ነው፤ እዚህ ቀን ሲሆን እዚያ ሌሊት ነው።

ያልነገርኩሽ ነገር አለ። አምና ከሥራ ደክሞኝ ገብቼ ስልኬን ቻርጅ ላይ እንደሰካሁ ብርድ ልብሱ ውስጥ ይዤው ተኛሁ። የቀሰቀሰኝ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ነው። ስልኩ ላይ የሚሰካው የገመዱ ጫፍ ቀልጦ ጎብጧል። አንሶላው ላይ አውራ ጣት የሚያህል ቡናማ ምልክት ቀርቷል፤ ታጥቦም አልለቀቀም። እንዳትደነግጪ ብዬ ነው የደበቅኩሽ።

ስልክ ቻርጅ ሲደረግ ሞቅ ማለቱ ያለ ነው። ሙቀቱ ግን መውጫ ይፈልጋል። ትራስና ብርድ ልብስ እኛን እንደሚያሞቁን እሱንም ያሞቁታል። ባትሪው ሊቲየም ነው፤ ከልክ በላይ ከጋለ ከውስጡ ራሱ ሙቀት እያመነጨ ይሄዳል። እዚያ ከደረሰ ከሶኬት ብትነቅይውም ላይቆም ይችላል። "የኔ ስልክ ጥሩ ነው" እንዳትዪኝ። ሳምሰንግ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2016 ጋላክሲ ኖት 7 የሚባለውን ስልኩን ባትሪው እየተቀጣጠለ አስቸግሮት ከገበያ ሰብስቧል። በሌላ ቀይሮ ሰጠ፤ የተቀየረውም ተቀጣጠለ። በመጨረሻ ማምረቱን ተወው።

ፕላስተሩን በተመለከተ፣ ዕቃ መጣል እንደማይሆንልሽ አውቃለሁ። ግን ገመዱ እንዲህ ሲላጥ ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ሽቦዎችም እየተበጠሱ ሊሆን ይችላል። የተረፉት ሲነካኩ ሊግሉ፣ ብልጭም ሊሉ ይችላሉ። ፕላስተር ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም። አዲስ ገመድ ከነቻርጀሩ በሚመጣ ሰው እልክልሻለሁ። እስከዚያ ያንን ርካሽ ቻርጀርም አትመኚው። ቻርጀር ከሶኬት 220 ቮልት ተቀብሎ ለስልኩ 5 ቮልት ገደማ ነው የሚሰጠው። ጥሩው ሁለቱን ወገን በደንብ ለይቶ ይይዛል፤ ፎርጅዱ ግን እዚያች መለያ ላይ ይቆጥባል። መለያዋ ካልያዘች የግድግዳው ኮረንቲ በገመዱ ስልኩ ድረስ ይመጣል። ስለዚህ በእርጥብ እጅ አትንኪው። ወንድሜም ቻርጅ ላይ ያለ ስልክ ይዞ መታጠቢያ ቤት እንዳይገባ ንገሪልኝ። እኔ ብለው አይሰማኝም።

የሱ የድሮ ስልክ ጀርባው ተነስቷል ብለሽኝ ነበር። ባትሪው አብጦ ነው። ተጭኖ ልመልሰው እንዳይል፣ በመርፌም ልውጋው እንዳይል። ቻርጅ ማድረጉን ትቶ ለጠጋኝ ይስጠው።

ያንቺን ደግሞ መሬት ላይም ሆነ ጠረጴዛ ላይ፣ ከጨርቅ ራቅ አድርገሽ አስቀምጪው። ድምፁን ከፍ አድርጊው። ከእንግዲህ ሌሊት ስደውል ሁለት ጊዜ እደውላለሁ። በመጀመሪያው ትነቂያለሽ፣ በሁለተኛው ስልኩ ጋ ትደርሻለሽ።

ልጅሽ