ሲስተር፣ አማቴና ሌሎቻችሁም፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ

ልጄ ቤቱ ገብቷል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የታሰረለት ጀሶ ከተፈታ ዛሬ ስምንተኛ ቀኑ ነው። ፊኛው ከሆዱ ውጭ ተገልጦ ከተወለደ ጀምሮ የደረሰብንን ታውቃላችሁና አልደግመውም።

ስሜን እንዳትጠሪ ያልሽኝ ሲስተር፣ ካንቺ ልጀምር። ደብረ ማርቆስ ደርሰን ጨርቁን ስትገልጪው አልደነገጥሽም። «ማህፀን ውስጥ እያለ ፊኛውም የሆዱ ግድግዳም ሳይዘጋ ቀርቶ ነው» አልሽኝ። ከ30,000 እስከ 50,000 ከሚወለዱ ሕፃናት አንዱ ላይ ይገኛል ስትይኝ አለቀስኩ። በዓለም ላይ የኔ ልጅ ብቻ መስሎኝ ነበር እኮ። በፊት የሄድንበት ቦታ ደረቅ ፋሻ አድርገውበት፣ ፋሻው ከቀዩ ሥጋ ጋር ተጣብቆ ነበር። ጩኸቱ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። አንቺ ግን በጨው ውኃ እያራስሽ ቀስ ብለሽ አላቀቅሽው። በንጹሕ ስስ ፕላስቲክ እንዴት እንደሚሸፈን እጄን ይዘሽ አሳየሽኝ።

«ምን በድዬ ነው?» ብዬ ሳለቅስ አማቴ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ያኔ ድምፅሽን ከፍ አደረግሽ። «እናትየዋ የበላችውም የረገጠችውም አይደለም። የሷ ጥፋት የለበትም» አልሽ። ለኔ ብቻ እንዳልተናገርሽው ገብቶኛል። ከዚያ ቀን በኋላ ነው ቤቴ ውስጥ ቀና ያልኩት።

ዓባይ በረሃን እስክንሻገር ሦስቴ ደወልሽ። «ጠባ? ፕላስቲኩ አልተነሣም?» ሌላ ምንም አላልሽም።

እማማ፣ እርስዎ ያን ቀን ምንም ሳይናገሩ ወደ ደምበጫ ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን ጊደርዎን ሸጠው መጡ። እግርዎን ስሜ አልጠግብም።

የጥቁር አንበሳ የሕፃናት ቀዶ ሐኪሞችና የአጥንት ሐኪሞች፣ ፊኛውን ወደ ቦታው መልሳችሁ የተራራቀውን የዳሌ አጥንት ገጥማችሁልኛል። እጃችሁ ይባረክ። ደም የሰጣችሁልን፣ እድርተኞች፣ የጽዋ ማኅበራችን አባላት፣ አዲስ አበባ ያሳደራችሁን ዘመዶች፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስማችሁን የዘለልኩ ይቅር በሉኝ። ልጁ ጡት እየጠባ ነው የምጽፈው፣ ሐሳቤም አልተሰበሰበም።

ገና ብዙ ይቀረናል። ሽንቱን እንዲቋጥር ከፍ ሲል ሌላ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገው ይሆናል፤ ኩላሊቱም በአልትራሳውንድ መታየት አለበት። ሲስተር፣ ለቀጠሮ ስናልፍ ደብረ ማርቆስ እንወርዳለን። ማር ይዤልሽ እመጣለሁ፣ እምቢ እንዳትይ። ልጁንም ሱሪ አልብሼው ታዪዋለሽ።