«መቶ በመቶ አሳለፍን» ከማለት በፊት ስንት ገብተው ስንቱ ደረሱ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በተገለጸ ማግስት በአዲስ አበባ የግልና የሃይማኖት ተቋማት ትምህርት ቤቶች አጥር ላይ የሚሰቀለውን ባነር አንባቢዎቻችሁ ሁሉ ያውቁታል። ከፍተኛ ውጤት ያመጡ ልጆች ፎቶግራፍ ይደረደርና ከሥሩ «መቶ በመቶ አሳለፍን» ይባላል። በአገር አቀፍ ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ በነበሩበት አገር አንድ ትምህርት ቤት ያስፈተናቸውን በሙሉ ቢያሳልፍ መደሰቱ አግባብ ነው። እኔም ልጄ የሚማርበት የካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ባነር ሲሰቅል ደስ ይለኛል። ይሁን እንጂ ይኸው ቁጥር የትምህርት ቤቱ ዋና የመሻሻል ግብ ሆኖ ዕቅድ ውስጥ ሲገባ፣ በግቡ ውስጥ ጭራሽ የማይታዩ ልጆች ይኖራሉ፤ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩትም ስለ እነሱ ነው።

በወላጅ መምህር ኅብረት ውስጥ በማገልገሌ የትምህርት ቤቱን ዓመታዊ ዕቅድና የክንውን ሪፖርት የማየት ዕድል አግኝቻለሁ። ሰነዱ በሥርዓት የተዘጋጀ ነው፤ ተግባሩ፣ ፈጻሚው፣ ጊዜውና በጀቱ በየረድፉ ተቀምጠዋል። ከረድፎቹ አንዱ «ዝቅተኛ ውጤት ላላቸው ተማሪዎች ቅዳሜ የማጠናከሪያ ትምህርት መስጠት» ይላል፤ አጠገቡ ባለው የክንውን ዓምድ ላይ «ተከናውኗል» ተብሎ ተሞልቷል። እውነትም ተከናውኗል፤ መምህራኑ በየሳምንቱ መጥተው አስተምረዋል። የቅዳሜውን የስም መቆጣጠሪያ ወረቀት ስንመለከት ግን በየሳምንቱ የተገኙት አብዛኞቹ ከክፍላቸው ከአንደኛ እስከ ዐሥረኛ የሚወጡት ሲሆኑ፣ ትምህርቱ የታሰበላቸው ልጆች ስም አጠገብ ያለው ሣጥን በአመዛኙ ባዶ ነበር። ከመካከላቸው ቅዳሜ ቤተሰባቸውን በሥራ የሚያግዙ፣ ለትራንስፖርት የሚከፍሉት የሌላቸው፣ «የደካሞች ክፍል» መባሉን የሚያፍሩበትም አሉ። ዕቅዱ የተከታተለው መምህሩ ማስተማሩን እንጂ ልጁ መማሩን ስላልሆነ ይህን ሁሉ የሚይዝበት ዓምድ አልነበረውም።

ከዚህ የባሰ የሚያሳስበኝ ግን አማካይ ውጤት ነው። «የተማሪዎችን አማካይ ውጤት ካለፈው ዓመት ከፍ ማድረግ» የሚለው ግብ ያልተጻፈበት የትምህርት ቤት ዕቅድ የለም ለማለት ይቻላል። አንድ ክፍል 50 ተማሪዎች ቢኖሩትና አማካያቸው 60 ቢሆን፣ በዓመቱ መጨረሻ አማካያቸው 40 የሆነ አምስት ልጆች መሸኛ ተሰጥቷቸው ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ቢሄዱ፣ የቀሩት 45 ልጆች አማካይ ከ62 በላይ ይሆናል። አንድም ልጅ አንዲት ነገር አልተማረም፤ አንድም መምህር አሠራሩን አልቀየረም፤ ግቡ ግን ተሳክቷል፣ ሪፖርቱም አረንጓዴ ተቀብቷል። ይህን የማነሣው ማንም ሆን ብሎ ልጆችን ያባርራል ለማለት አይደለም። ልጁ በ10ኛ ክፍል ሁለተኛ መንፈቅ ዓመት ሲደክም ወላጅ ይጠራል፣ «እዚህ ከሚጨናነቅ ቀለል ያለ ቦታ ቢሞክር» የሚል ምክር በትሕትና ይሰጠዋል፣ ወላጅም አመስግኖ መሸኛውን ተቀብሎ ይሄዳል። ምክሩ አንዳንዴ ለልጁ የሚበጅ ሊሆን ይችላል። የሄደው ልጅ ግን ከዚያ በኋላ በትምህርት ቤቱ በማንኛውም ሰነድ ላይ አይቆጠርም።

ትምህርት ሚኒስቴር በ1990ዎቹ መጨረሻ የትምህርት ቤት መሻሻል መርሃ ግብርን ሲጀምር መማር ማስተማርን፣ ምቹ የትምህርት አካባቢን፣ አመራርንና የኅብረተሰብ ተሳትፎን አራት ዐበይት ርዕሰ ጉዳዮች አድርጎ፣ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በቅድሚያ ግለ ግምገማ አካሂዶ የሦስት ዓመት ስትራቴጂክ ዕቅድ እንዲያወጣ ማድረጉ ትልቅ እርምጃ ነበር። ከዚያ የተከተለው የኢንስፔክሽን ማዕቀፍም ግብዓትን፣ ሂደትንና ውጤትን በ26 ስታንዳርዶች እየመዘነ ትምህርት ቤቶችን ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ያስቀምጣል። ሁለቱም ጠቃሚዎች ናቸው፤ ሁለቱም ግን የትምህርት ቤቱን የዘንድሮ ሁኔታ ከአምናው ጋር ለማነጻጸር እንጂ አንድን ልጅ ከራሱ ጋር ለማነጻጸር የተሠሩ አይደሉም። (በነገራችን ላይ፣ ኢንስፔክሽን ሊመጣ ነው ሲባል ፋይል ክፍሉ ውስጥ የሚታየው ሩጫ ለማጠናከሪያ ትምህርቱ ቢውል ኖሮ ብዙ ነገር ይለወጥ ነበር።)

የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከቀረ ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ ይበልጥ አስቸኳይ ሆኗል። ተማሪው የ8ኛ ክፍል ፈተናን አልፎ 9ኛ ክፍል ከገባ በኋላ እስከ 12ኛ ክፍል መጨረሻ ድረስ ከትምህርት ቤቱ ውጭ ያለ አካል አይመዝነውም። በእነዚህ አራት ዓመታት ወላጅ የሚያየው ትምህርት ቤቱ ራሱ ያወጣውን ፈተና፣ ራሱ ያረመውን ወረቀትና ራሱ የሞላውን ሪፖርት ካርድ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እያንዳንዱ ልጅ ከየት እንደተነሣ የሚያሳየውን መነሻ በራሱ እጅ መያዝ አለበት። መነሻውም ሩቅ አይደለም፤ የእያንዳንዱ ልጅ የ8ኛ ክፍል ውጤት በምዝገባ ዕለት ለጽሕፈት ቤቱ ተሰጥቶ በግል ማኅደሩ ውስጥ ተቀምጧል። እኔ እስካየሁት ድረስ ይህ ወረቀት ልጁን ለመቀበልና ላለመቀበል ከተመሳከረ በኋላ ተመልሶ አይገለጥም።

የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች በዚህ ረገድ ከሌሎች የበለጠ እንጂ ያነሰ ሊጠበቅባቸው አይገባም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጳጳሳት የተሰበሰቡበት ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1965 ስለ ትምህርት ባወጣው መግለጫ የቤተ ክርስቲያኗ ትምህርት ቤቶች በተለይ ለድሆች፣ የቤተሰብ ድጋፍና ፍቅር ላጡ፣ የቤተ ክርስቲያኗ እምነት ለሌላቸውም ልጆች እንዲያስቡ አሳስቧል። የአገራችን የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች የሦስተኛውን አደራ በሚያስመሰግን ሁኔታ ተወጥተዋል፤ ከተማሪዎቻቸው አብዛኞቹ ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊም ወይም ፕሮቴስታንት ናቸው፣ ማንም በሃይማኖቱ ሲገፋ አላየሁም። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ግን በቁጥር የሚከታተል ዕቅድ እስካሁን አልገጠመኝም።

ለዚህም ከሩቅ ልምድ መዋስ አያስፈልጋቸውም። በአገራችንም የሚያስተምሩት የላሳል ወንድሞች ማኅበር መሥራች ቅዱስ ዮሐንስ ባፕቲስት ደ ላሳል በፈረንሳይ ያስጀመሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1720 የታተመው የማኅበሩ የትምህርት ቤት መመሪያ፣ ተማሪው የገባበትን ቀን፣ ከአንዱ የትምህርት እርከን ወደ ቀጣዩ ያለፈበትን ጊዜና የቀረበትን ቀን ለየብቻ የሚይዙ መዝገቦች እንዲኖሩ ያዝዛል። ከሁሉም የገረመኝ መምህሩ በዓመቱ መጨረሻ የእያንዳንዱን ልጅ ጠባይና ይዞታ ጽፎ ለቀጣዩ መምህር እንዲተላለፍ ለኃላፊው ማስረከቡ ነው። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ያለ ኮምፒውተር የተሠራው ይህ ነገር ዛሬ ሮስተሩ በኤክሴል በሚዘጋጅበት ዘመን የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም። የልጄ የ10ኛ ክፍል የሒሳብ መምህር በ9ኛ ክፍል ያስተማሩትን መምህር ስለ ልጁ ጠይቀው አያውቁም፤ የሚቀበሏቸው ተማሪዎች ብዙ ከመሆናቸው በላይ እንዲጠይቁ የሚያደርግ አሠራርም የለም።

መምህራን ይህን ሲሰሙ ሌላ ቅጽ ሊጨመርብን ነው ብለው እንደሚሰጉ አውቃለሁ፤ ስጋታቸውም ከንቱ አይደለም። ለዚህ ነው የዕቅዱ ረድፎች እንዲበዙ ሳይሆን እንዲቀነሱ የምመክረው። ለአንድ ዓመት ሦስት ግብ ይበቃል። ለምሳሌ አንዱ ግብ በ9ኛ ክፍል መግቢያ ላይ በሒሳብ የመጨረሻው ሩብ ውስጥ የነበሩት ልጆች፣ በስም ተለይተው፣ እስከ ሰኔ ድረስ የት እንዲደርሱ እንደሚፈለግ የሚናገር ይሁን። ኃላፊነቱ «ለሁሉም መምህራን» ተብሎ ሳይበተን የሒሳብ ዲፓርትመንት ኃላፊው ይያዘው። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ተዘግቶ ሮስተር እንደተሠራ፣ ማለትም ለማረም ገና ጊዜ ባለበት በየካቲት ወር፣ በእነዚያ ልጆች ላይ ብቻ አንድ ከሰዓት በኋላ ይመከርባቸው፤ ቅዳሜ መምጣት ላልቻለው ልጅ ትምህርቱ በሳምንቱ ቀናት ወደ ምሳ ሰዓት ወይም ወደ መጨረሻው ክፍለ ጊዜ ሊዛወር ይችል እንደሆነ የሚታየው እዚያ ነው። በሰኔ የሚጻፍ ግምገማ ለሪፖርት እንጂ ለልጁ አይደርስለትም።

ወላጆችም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። ባነሩን የሚያሰቅለው የእኛ ጥያቄ ነው፤ በምዝገባ ሰሞን አባን ወይም ሲስተርን የምንጠይቀው «ስንት አሳለፋችሁ?» ብለን እንጂ «ከገቡት ስንቱ ደረሱ?» ብለን አይደለም።

እንግዲህ የካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን የሚመሩ ሀገረ ስብከቶችንና ገዳማውያን ማኅበራትን በጋዜጣችሁ በኩል የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በመጪው መስከረም የወላጆች ስብሰባ ላይ፣ የየትኛውም ልጅ ስም ሳይጠራ፣ ከአራት ዓመት በፊት 9ኛ ክፍል ከገቡት ውስጥ ስንቱ 12ኛ ክፍል እንደተፈተኑ፣ ስንቱ በመሸኛ እንደሄዱና በምን ምክንያት እንደሄዱ ከማለፊያው መቶኛ ጋር አብሮ ይነገረን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ወላጅ
አዲስ አበባ